ቬስፓ በደጋ አየር

ሞተር ስትታመም አስቀድማ የምትናገረው በድምፅዋ ነው። በገርጂም ሆነ በሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ በመገናኛም ሆነ በኮተቤ መንገድ፣ አሮጌ ቬስፓ የሚያውቅ መካኒክ ገና መልኳን ሳያይ፣ ከአጥር ውጭ ስታልፍ ሰምቶ ብቻ ሕመሟን ይለያል። ስትነሣ ትንተባተባለች፤ መሐል መንገድ ላይ ቃል እንደ ጠፋበት ተናጋሪ ቀጥ ትላለች፤ ዳገት ላይ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ከኋላዋም ከባድ ጭስ ትተፋለች። አንዱ መካኒክ «ቤንዚን በዝቶባታል» ይላል። ሌላው «አየር አጥሯታል» ይላል። የሚያዳምጥ ሰው ሁለቱ ባለሙያዎች የተጣሉ ይመስለዋል፤ እነርሱ ግን አንዱን እውነት ከሁለት ወገን እየተናገሩ ነው።

ይህ ሕመም በአዲስ አበባ ከብዙ የዓለም ከተሞች ይልቅ የተለመደ የሆነበት ምክንያት አለው። ምክንያቱም ከመልክዐ ምድር የመነጨ ቢሆንም ታሪክ ያለው ነው። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት በሽታው የሚያርፍበትን ብልት እንወቅ።

በአንዲት ቬስፓ ውስጥ ያለው ካርቡሬተር ከአዋቂ ሰው ጡጫ አይበልጥም። ሥራው ለመናገር ቀላል ነው፤ ቤንዚንን ወደ ጉም ይለውጣል፣ ያንንም ጉም ከአየር ጋር በልክ ያዋሕዳል። ፈሳሽ ቤንዚን በሞተር ሆድ ውስጥ በወጉ አይነድም፤ የሚነደው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተኑ ነው። ልኩም የታወቀ ነው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። የሽቶ መርጫ ጠርሙስ ያየ ሰው የካርቡሬተርን ምሥጢር አይቷል። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ በቀነሰበት ቦታ ከታች ካለው ጽዋ ቤንዚን ተስቦ ይወጣል፣ ተበትኖም ጉም ይሆናል። ዳንኤል ቤርኑሊ ይህን ሕግ በ1738 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮት ነበር፤ እርሱ ግን ያሰበው ስለ ውኃ ነበር፤ ቤንዚን የሚጠጣ መንኰራኵር በሕልሙም አልመጣበትም።

ሞተር ብስክሌትና ካርቡሬተር መንታ ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። ጎትሊብ ዳይምለርና ዊልሄልም ማይባኽ በ1885 እ.ኤ.አ. በጀርመን የመጀመሪያዋን ባለ ቤንዚን ሞተር ብስክሌት ከእንጨት በተሠራ አካል ላይ ሲያቆሙ፣ ለሞተሯ ተን የሚያበስል ዕቃ አብረው መፍጠር ነበረባቸው። ያ የመጀመሪያው ዕቃ ቤንዚኑን እንደ ድስት ውኃ ከላዩ እያተነነ የሚያቀብል ነበር። ማይባኽ በ1893 ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጨውን ካርቡሬተር አበጀ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ የእርሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

እነሆ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ካርቡሬተር ሚዛን የለውም። አየርን የሚሰፍረው በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም። በቀዳዳው በኩል የሚወጣውን ቤንዚን የሚወስነው ቀዳዳውን የበሳው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ያም ሠራተኛ ቀዳዳውን ሲበሳ በልቡ የያዘው የራሱን አገር አየር ነው። የአውሮፓ የሞተር ፋብሪካዎች አብዛኛዎቹ በዝቅተኛ ሜዳ ላይ የተተከሉ ናቸው። አየሩ ወፍራም ነው።

አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላ የምትኖር ከተማ ናት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ፣ ከከተማዋ ዝቅ ካሉት ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ከዚህ ከፍታ በታች አይደለም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የቤት እመቤቶች ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከምድጃ ያውቁታል፤ ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ከቆላ አገር ይልቅ በዝግታ ይበስላሉ። ሞተርም እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምትስበው አየር በመጠን ያው ሆኖ በክብደት ከአምስት እጅ አንዱ ጎድሎ ይገባላታል። ቤንዚኑም በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ግን የአየሩን ያህል አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ይወፍራል። እንግዲህ «ቤንዚን በዝቶባታል» ያለውና «አየር አጥሯታል» ያለው መካኒክ የታረቁት በዚህ ላይ ነው። (በቅንፍ ይቀመጥና፣ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ባትወርድ ኖሮ የባሰ ይሆን ነበር። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል።)

በዚህ አየር ውስጥ የመጀመሪያው ካርቡሬተር የተነፈሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ ያመጣት መኪና ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥታ በረሃውንና ገደሉን አቋርጣ አዲስ አበባ ገባች። የሕዝቡ መገረም፣ የንጉሠ ነገሥቱም መደሰት ብዙ ጊዜ ተተርኳል። ማንም ያልተረከው አንድ ነገር ግን አለ፤ ያች መኪና የመጀመሪያዋን የደጋ ሳል የሳለችው የት ላይ ይሆን? ከባሕር ወለል ወደ 2,300 ሜትር እየወጣች ሳለ፣ በአንዱ ዳገት ላይ፣ ሞተሯ መንተባተብ ጀምሯል ማለት ነው። አየሩ ለማንም አያደላምና።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሞተር ጎርፍ ግን በወዳጅ እጅ የመጣ አልነበረም። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ የተነሣው የፋሺስት ጣሊያን የተሽከርካሪ ሰልፍ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ካሚዮኖቹ ብቻ ከሺህ ይበልጡ ነበር። ጣርማ በር ላይ አርበኞች መንገዱን ሰብረውት ስለነበር ወራሪው መንገድ እስኪጠግን ቆመ፤ ተሽከርካሪዎቹንም ሰው እየገፋና እየጎተተ አሻገራቸው። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ተሰበረው መንገድና ስለ ጭቃው ጽፈዋል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ በር ላይ የቆላ አየር የለመዱ ሞተሮች እንዴት እንደተነፈሱ ማሰቤን አልተውም። ኢትዮጵያ በዚያ ቀን ከገደሏ ጋር አየሯንም አሰልፋ ነበር።

ጣሊያኖቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተሸንፈው ሲወጡ ሁሉም አልወጡም። በአገሩ የቀሩት ብዙዎቹ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጋራዥ ከፈቱ፣ ረዳት ቀጠሩ። ረዳቱ ብሎን ሲያቀብል ቃል ተቀበለ። ዛሬ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሞተር ሲያወራ ሳያውቀው ግማሽ ጣሊያንኛ ይናገራል። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጎማ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሚኒሞ። መኪና ራሱ ጣሊያንኛ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነ አንባቢ እነዚህን ቃላት ገልበጥ አድርጎ ቢያያቸው አይቆጭም። ፍሬን በጣሊያንኛ ከመኪና በፊት የፈረስ ልጓም ነበር። ማርሽ የወታደር ጉዞ ነው። ፍሪሲዮን ፍትጊያ ማለት ነው፤ ማርሚታ ድስት ነው፤ ሚኒሞ ትንሹ፣ ከሁሉ ያነሰው ማለት ነው። ካቻቢቴ ቃል በቃል ቢፈታ «ብሎን አባራሪ» ይሆናል። ካንዴላ ደግሞ ሻማ ናት፤ በሞተር ሆድ ውስጥ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የምትበራና የምትጠፋ ሻማ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ ብዙ ስያሜ ፈጥሯል፤ ድካሙ ይከበራል። ጋራዡ ግን አካዳሚውን አልጠበቀም። እጁ ዘይት የነካ ሰው ስም የሚያወጣው በዚያው ቅጽበት ነው፤ ያኔ በአጠገቡ የነበረው ቋንቋ የወራሪው ቋንቋ ነበርና ያንን አነሣ። በእኔ አስተያየት ይህ ውርደት አይደለም፤ የወራሪውን መሣሪያ ነጥቆ ለራስ ሥራ ማዋል እንጂ። ከጠመንጃው ጋር ቃሉም ተማረከ።

የእንግሊዝ ጦር በበኩሉ በዚያ የዓለም ጦርነት ዘመን በብዛት የሚጠቀምባቸው ቢኤስኤና ኖርተን ሞተር ብስክሌቶች አማል የተባለውን የበርሚንግሃም ካርቡሬተር የተሸከሙ ነበሩ። አማል የቀዳዳውን ቁጥር የሚሰጠው በደቂቃ ስንት ቤንዚን ያሳልፋል ብሎ ነው፤ ጣሊያኑ ዴል ኦርቶ ደግሞ በቀዳዳው ስፋት፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ ይቆጥራል። በሁለቱ የለመደ እጅ ሁለት ቋንቋ የሚናገር እጅ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ አየርን የማስተካከል ጥበብ ከመሬት ይልቅ በሰማይ ቀድሞ በሥርዐት ተያዘ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠርቶ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ባለ ሁለት ሞተር ዳኮታዎች ነበሩ፤ ሞተሮቻቸውም ባለ ካርቡሬተር። በአብራሪው እጅ አጠገብ የድብልቁን ውፍረት የሚወስን ዘንግ ነበር። አውሮፕላን ሲወጣ አየር ይሳሳል፤ አብራሪው ቤንዚኑን ያሳሳል። ሞተር ብስክሌት ነጂ እንዲህ ያለ ዘንግ አልተሰጠውም፤ ምክንያቱም ሞተር ብስክሌት የሠራው ሰው ነጂው ዕድሜውን ሙሉ በሰማይ ከፍታ ላይ ይኖራል ብሎ አላሰበም።

ከዚያ ቦሌ መጣ። የልደታው ማረፊያ ለጄት የማይበቃ ስለሆነ አዲሱ ማረፊያ በቦሌ ሜዳ ላይ ተሠራ፤ የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ጄቶች በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በቀጭን አየር ላይ ክንፍም እንደ ሞተር ይቸገራልና አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ የቦሌ ማኰብኰቢያ ርዝመት ምክንያቱ አንዱ ይኸው ነው። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ለአንድነት ድርጅቱ ምሥረታ ሲመጡ ያረፉት እዚሁ ነው፤ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድም የአፍሪካ ጎዳና ተባለ። የመሪዎችን ጉዞ በሞተር ብስክሌት ማጀብ የዚያ ጎዳና የተለመደ ትርኢት ነው። አጀብ ግን ለካርቡሬተር ፈተና ነው። ሞተሩ ሳይፈጥን፣ በሚኒሞ ቀዳዳ ብቻ እየጠባ፣ ከመኪናው እኩል ሲዘግም በወፈረ ድብልቅ ላይ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ከዕንቁ የጸዳ ልብስ የለበሰ አጃቢ በሕዝብ ፊት ሞተሩ ቢጠፋበት ምን ይሰማው እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ቬስፓ ከዚህ የአውሮፕላን ታሪክ ጋር ከምናስበው በላይ ዝምድና አላት። በጣሊያን ፖንቴዴራ የሚገኘው የፒያጆ ፋብሪካ ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላን ይሠራ ነበር። በ1946 እ.ኤ.አ. ቬስፓን የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአየር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ብስክሌትን አይወድም ነበር ይባላል፤ ስለዚህ ዘይት የማያስነካ፣ ሞተሩን የደበቀ፣ የፊት ጎማዋም እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ጎን የተያዘ ነገር አወጣ። ስሟ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ጎዳናዎቻችን የሚያውቁት ባጃጅም ከዚሁ ቤት የተወለደ ነው፤ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ማምረት የጀመረው የፒያጆን ተሽከርካሪዎች በፈቃድ ነው። የቬስፓ ካርቡሬተር የመጣው ደግሞ በ1933 እ.ኤ.አ. በሚላኖ አጠገብ ከተቋቋመው ከዴል ኦርቶ ነው። ፖንቴዴራ ከባሕር ጠለል ከፍታዋ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ተርቢቱ በመርከብ ወደ ጠረፍ፣ ከጠረፍም በባቡር ወይም በካሚዮን ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ፣ በሆዷ የተሸከመችው የፖንቴዴራን አየር ልክ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እንበልና ገርጂ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሃያ ዓመት ሸራ ለብሳ የቆመች የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቬስፓ አለች። ባለቤቷ የነበሩት ሰው አርፈዋል፤ ልጃቸው ሊያስነሣት ይፈልጋል። ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ «ካርቡሬተሯ ነው» ይለዋል። በጋራዥ ዓለም ካርቡሬተር ላልሠራው ጥፋት ሁሉ የሚከሰስ ሰው ነው። ስለዚህ ዐዋቂ መካኒክ ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ካንዴላዋን ነቅሎ እሳት መኖሩን ያያል። እሳት ከሌለ የካርቡሬተሩ ክስ ይቋረጣል።

እሳት ካለ ምርመራው ከላይ ወደ ታች፣ ቤንዚኑ በሚወርድበት መንገድ ይሄዳል። ቬስፓ የቤንዚን ፖምፓ የላትም፤ ቤንዚኑ ከነዳጅ ጋኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መጀመሪያ ክዳኑ ተከፍቶ ይሸተታል። ዓመታት የቆየ ቤንዚን የቤንዚን ሽታው ጠፍቶ እንደ ቀለም ቅብ ይሸታል፤ ይህ ይደፋል እንጂ በአዲስ አይቀላቀልም። በክዳኑ ላይ ደግሞ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እርሷ ከተደፈነች ሞተሯ በደንብ ተነሥታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ ትጠፋለች፤ ክዳኑ ሲከፈት «እፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ትነሣለች። በዚች በመርፌ በምትጸዳ ቀዳዳ ምክንያት ስንት ካርቡሬተር በከንቱ ተፈትቶ ይሆን!

ቤንዚኑ በቧንቧው ከወረደ፣ ወደ ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ ያለችው ወንፊት ትታያለች። ከዚያ ጽዋው ይከፈታል። በጽዋው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የቤንዚኑን ከፍታ እየጠበቀ ትንሽ መርፌ ይዘጋል፣ ይከፍታል፤ ነገሩ እንደ ውኃ ጋን ኳስ ነው። የመርፌዋ ጫፍ ከተበላች ቤንዚኑ ልክ አጥቶ ይሞላል። የቬስፓ ቧንቧ ሳይዘጋ ከታደረ ደግሞ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሞተሩ ሆድ ይንጠባጠባል፤ ጠዋት ሰውየው ላብ እስኪያጠምቀው ቢረግጣት አትነሣም። መድኃኒቱ ቧንቧውን ዘግቶ፣ ካንዴላውን ነቅሎ፣ የጠጣችውን እስክትተፋ መርገጥ ነው።

ቀጥሎ የነሐሶቹ ተራ ይመጣል። በካርቡሬተሩ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ትናንሽ የነሐስ ብሎኖች አሉ፤ አንዷ ሞተሯ በሚኒሞ ስትቆም፣ ሌላዋ ነዳጅ ሲሰጣት የምታቀብል። የደረቀ ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ የሚደፍነው እነርሱን ነው፤ የሚኒሞዋ ከሁሉ ቀጭን ስለሆነች ቀድማ ትደፈናለች። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በቾክ ትነሣለች፣ ነዳጅ ሲሰጧት ትሄዳለች፣ እጅ ሲለቁላት ትጠፋለች። ለማጽዳት አየር ይነፋባታል፤ እምቢ ካለች ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘ አንድ ክር መዳብ ይገባባታል። የብረት ሽቦ ግን ኃጢአት ነው። ነሐስ ለብረት ይሸነፋል፤ ቀዳዳዋ በሚሊ ሜትር መቶኛ በሚቆጠር ስፋት ብትሰፋ ልኳ ሁሉ ይጠፋል፣ ዐይን ግን ምንም አያይም። በእጃችን ያሉ ብዙ አሮጌ ካርቡሬተሮች የሞቱት በእርጅና ሳይሆን በሽቦ ነው።

ሁሉም ጸድቶ ሞተሯ በሚኒሞ ላይ ሳለች በራሷ ከፍ ዝቅ እያለች የምትጮህ፣ ነዳጅ ሲዘጋላትም ቶሎ የማትረጋጋ ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ ተገልብጧል። አሁን የምትሰርቀው አየር አለ። ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፣ ወይም የካርቡሬተሩ መቀመጫ ከመጠን በላይ ተጠብቆ ተጣሟል፤ ይህ የቬስፓ የታወቀ ደዌ ነው። በመስታወት ላይ አሸዋ ወረቀት ዘርግቶ መቀመጫውን በትዕግሥት ማስተካከል ይቻላል። ጉልበተኛ መካኒክ ያጣመመውን ትዕግሥተኛ መካኒክ ያቀናዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጁ ቬስፓዋን ነድቶ ወደ ኮተቤ ዳገት ሲወጣ ብትንተባተብ ያኔ፣ ያኔ ብቻ፣ የከፍታው ጉዳይ ይነሣል። ካንዴላው ይነቀልና ይነበባል። ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ወፍሮባታል፤ ነጭ ከሆነ ሳስቶባታል፤ ገና እንደ ተቆላ ቡና ቀላ ያለ ከሆነ ልክ ነው። በደጋ የሚነበበው ብዙውን ጊዜ ጥቁሩ ነው። መድኃኒቱ ትልቋን የነሐስ ብሎን አውጥቶ ቀዳዳዋ በጠበበች መለወጥ ነው። 100 ቁጥር፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር፣ ከሆነች ወደ 95 ገደማ ትወርዳለች። ልዩነቱ የፀጉር ያህል እንኳ አይሞላም። ግን ተንተባታቢዋ ምላሷ ይፈታል። የጎደለው ጉልበት በሙሉ አይመለስም፤ አየሩ የነሣትን ነሐስ አይሰጣትም። ከዚያ የሚኒሞው ብሎን እስኪቆም በቀስታ ይጠብቅና አንድ ዙር ተኩል ያህል ይመለሳል፤ የቀረው የጆሮ ሥራ ነው። ሩብ ዙር ወዲህ፣ ሩብ ዙር ወዲያ፣ ድምፅዋ እስኪለሰልስ።

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በአዲስ አበባ የሚሸጠው ቤንዚን ከስኳር ተረፈ ምርት የወጣ ኤታኖል፣ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ የተቀላቀለበት ነበር። ከውጭ የሚገባውን ነዳጅ ለመቀነስ የታሰበ ብልህ ሐሳብ ነው፤ አልነቅፈውም። አሮጌዎቹ ሞተሮች ግን ለዚህ መጠጥ አልተፈጠሩም። ኤታኖል እርጥበት ይስባል፣ የድሮ ላስቲክ ያብጥበታል፣ በጋኑ ግድግዳ ላይ ተጋግሮ የኖረውን ዝቃጭም አሟሙቶ ወደ ቀጭኗ ቀዳዳ ያወርደዋል። በሌላ በኩል ኤታኖል ኦክስጅን ያዘለ ስለሆነ ድብልቁን በመጠኑ ያሳሳል። ለደጋ ሞተር ይህ ሳይጠሩት የመጣ እርዳታ ነው፤ የፊንጫ ሸንኮራ የፖንቴዴራን ስሕተት በጥቂቱ አረመ ማለት ይቻላል።

የዚህ ሁሉ ዘመን እያለፈ ነው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ አስተዳደር፣ በሞተር እየተፈጸመ ነው ያለውን ዝርፊያ ምክንያት አድርጎ፣ ሞተር ብስክሌቶችን ከጎዳና አገደ፤ በኋላ በምዝገባና በልዩ ፈቃድ የሚሠሩ ተመለሱ። በግቢ ውስጥ ሸራ የለበሱት አሮጌዎች ግን ለምዝገባ የሚያበቃ ሥራ አልነበራቸውም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዞረ። ካርቡሬተር ከአዲስ ተሽከርካሪዎች ቀድሞም እየወጣ ነበር፤ ኮምፒውተር የያዘው ነዳጅ ረጪ የአየሩን ግፊት ራሱ ለክቶ ራሱ ያስተካክላል። ቦሌም ይሁን ፖንቴዴራ ለእርሱ ልዩነት የለውም። ለጭሱም ለነዳጁም የተሻለ ነው፤ በናፍቆት ስም ይህን መካድ አይገባም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የቬስፓ ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ሞዴል የቀዳዳ ቁጥሩን በመጽሐፍ አትሞ አስቀርቷል። ያንን ቁጥር ለአዲስ አበባ አየር የተረጎሙት፣ በሙከራ፣ በካንዴላ ንባብና በጆሮ ልኩን ያገኙት እጆች ግን አንድም መጽሐፍ አልጻፉም። የግጥም ተርጓሚ ስሙ በሽፋን ላይ ይወጣል። የእነዚህ ትርጕም የታተመው በነሐስ ላይ ብቻ ነው፤ የነሐሱም ዕጣ በየጊዜው በኪሎ ተመዝኖ ለአቅላጭ መሸጥ ነው።

ስለዚህ በገርጂ፣ በኮተቤ፣ በሲኤምሲ ወይም በአያት፣ በአባቱ ወይም በአያቱ ግቢ አሮጌ ሞተር የቆመችለት አንባቢ ካለ፣ ከመሸጧ በፊት የካርቡሬተሯን ክዳን ይክፈትና በትልቋ የነሐስ ብሎን ራስ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በወረቀት ይጻፍ። ሞዴሏንና ሰፈሩን ጭምር። ከፋብሪካው ቁጥር ያነሰች ከሆነች አንድ ሰው እዚሁ ከተማ ውስጥ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አድምጧታል። ቁጥሩ በፋይል ተፍቆ ከጠፋም ያው ይጻፍ፤ ቀዳዳን በቆርቆሮ መበየጃ ደፍኖ እንደገና በቀጭኑ መብሳትም ይቻላልና። ሞተሯ የምትሄድ ከሆነችና ወደ አዳማ ወይም ወደ አዋሽ ልውረድ ካለ ግን የቀድሞዋን ትልቅ ቀዳዳ ይዞ ይውረድ፤ በቆላ አየር ላይ የአዲስ አበባዋ ቀዳዳ ታሳሳባታለች፣ ካንዴላዋ ይነጣል፣ ፒስቶኗም ግሎ ይነክሳል። ብሎኗንም ሲመልስ አያጥብቃት፤ ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ጥርሱ ቶሎ ይበላል።